መስታወት ላይ የተበተነ ጤፍ

ሐረገወይን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ለሚላት ሐበሻ ሁሉ «ፊልም እሠራለሁ» ብላ ትመልሳለች። ጠያቂው ዐይኑ ይበራል፤ «እንዴ! ተዋናይ ነሽ?» ይላል። «አይ፣ እኔ አልታይም። የሚንቀሳቀሱት ስዕሎች ናቸው።» «አሃ፣ ካርቱን! የልጆች!» እዚህ ላይ የበራው ዐይን ድርግም ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው። «ዋናው ሥራሽስ?»

ዋናው ሥራዋ ይኸው ነው። ግን ማን ይመናት? የለንደን ሐበሻ ነርስ ያከብራል፣ ሾፌር ያከብራል፣ አካውንታንት ካገኘማ ወንበር ይለቃል። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሙሉ ጤነኛ ሴት መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ ክፍል ተዘግታ፣ በጣቷ ጫፍ አሸዋ ስትገፋ መዋሏን በየትኛው መደብ ይመድበው? ለቅሶ ቤት ባገኟት ቁጥር እናቶች በሐዘኔታ እጇን ይዘው «ምነው ልጄ፣ ቁም ነገር ብትይዢ?» ይሏታል። ሐረገወይን አትቆጣም። ፈገግ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ንፍሮዋን ትበላለች። የያዘችው ቁም ነገር ምን እንዳስከፈላት የምታውቀው እሷ ናትና።

አዲስ አበባ ሳለች በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ካርቱን ትስል ነበር። ቀልዷ ብዙ ሰው አስቋል፤ ያልሳቁት ጥቂቶች ግን ጠመንጃ ነበራቸው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጋዜጣው ተዘጋ፤ ታላቅ ወንድሟ ከሰፈር ልጆች ጋር ታፍሶ ታሰረ፤ የእናቷም ኑሮ ስንቅ ቋጥሮ ከማዕድ ቤት ወደ እስር ቤት በር መመላለስ ብቻ ሆነ። ወንድሟ ተፈትቶ ቤት በገባ ማግሥት ቤተሰቡ መከረና ተረኛዋ እንዳትሆን ብሎ እሷን በተማሪ ቪዛ ወደ ለንደን ሸኛት። ቪዛው አለቀ፤ ጥገኝነት ጠየቀች፤ ከስንት መጉላላት በኋላ ተፈቀደላት። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል እንጂ ያን ጊዜ የኖረችው ሰው ፀጉሯ ሳስቷል።

የመጀመሪያ ሥራዋ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ትሪዎች በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንዱ ሠራተኛ ዳቦ ያኖራል፣ አንዱ ቅቤ፣ እሷ ሹካ። አንድ ቀን ድካም ይሁን መሰልቸት፣ ሹካውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘነበለች ስታኖር፣ ትሪዎቹ ከፊቷ ሲያልፉ ሹካው የሚራመድ መሰላት። ሆን ብላ ቀጠለች። ሹካው ከትሪ ትሪ እየተንገዳገደ፣ ጠጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው፣ እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄደ። ብቻዋን እስኪያማት ሳቀች። አለቃዋ መጥቶ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ እሷ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው፤ ሹካም እንደሚሄድ ያን ቀን በዐይኗ አየች።

በሳምንቱ ለማታ የአኒሜሽን ኮርስ አመለከተች። አስተማሪዋ ማህናዝ የምትባል ኢራናዊት ነበረች፤ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ፀጉሯን አጭር የምትቆረጥ፣ ወገቧን የሚያማት፣ ምላሷ ግን ምንም የማያመው ሴት። ማህናዝ የማንም ድርጅት ተቀጣሪ ሳትሆን አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞችን በገዛ እጇ እየሠራች የኖረች ዳይሬክተር ናት። የእሷም አገር በዚያው በዘጠና ሰባት ዓመት ምርጫ አድርጎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፊልሟን የሚያሳይላት አዳራሽ እየጠፋ ሲሄድ ሻንጣዋን ሸክፋ ወጣች። «ሌላው ሰው የቤተሰብ ፎቶ ይዞ ይሰደዳል፤ እኔ አንድ ጣሳ የባሕር አሸዋ ይዤ ተሰደድኩ» ትላለች። ነፃ ዳይሬክተር ምን ማለት እንደሆነ ተማሪዎቿ ሲጠይቋትም መልሷ አጭር ነው። «ሥራው ሁሉ የራስሽ ነው ማለት ነው፤ ሻዩን ማፍላት ጨምሮ።»

አሠራሩን ለሐረገወይን ያስተማረቻት እሷ ናት። መስታወት ጠረጴዛ፣ ከሥሩ መብራት፣ ከላዩ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ። መስታወቱ ላይ አሸዋ ይበተናል፤ በጣት፣ በብሩሽ፣ በላባ ምስል ይወጣለታል፤ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ምስሉ ትንሽ ይነካና እንደገና ይነሳል። ለአንዲት ሴኮንድ ፊልም ይህ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ይደገማል። አዲሱ ምስል የሚወለደው አሮጌው ፈርሶ ስለሆነ፣ ስንት ወር ከተለፋ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚተርፈው የመጨረሻው ምስል ብቻ ነው። እሱም ተጠርጎ ጣሳው ውስጥ ይገባል። ሐረገወይን ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሆዷ ባባ፤ ከዚያ ለመደችው፤ ከዚያ ወደደችው።

የመጀመሪያ ፊልሟ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ ከፋብሪካ የሚጠፋ ሹካ ታሪክ ነበር። ለስንት ፌስቲቫል ላከችው፤ «እናመሰግናለን፣ ግን» የሚል መልስ ሰበሰበች። በኋላ በሰሜን እንግሊዝ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ተቀበለቻት፤ በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዛ ደረሰች፤ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች የሚበዙት ዝናብ ሽሽት የገቡ ነበሩ። አጨበጨቡላት ግን። ሁለተኛዋ ፊልም ስለምትኖርበት የለንደን ሰፈር፣ ስለ ብሪክስተን አውቶቡሶች ነበር፤ ሦስተኛዋ ሽልማት አገኘች። ያኔ የሂትሮውን ሥራ ተወች፤ ብሪክስተን ገበያ አጠገብ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ አስተማሪዋም ጓደኛዋ ሆና በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች አብራት ትሠራ ጀመር። ማህናዝን ቀድሞ በማያውቋት ዘንድ እንኳ የሁለቱ ስም አብሮ ይጠራ ጀመር። ከባዶ ተነስታ እዚህ መድረሷን ሐረገወይን አልደበቀችውም፤ ኮራች። ኩራትም ለሠራበት ሰው ነውር የለውም።

አራተኛው ፊልሟ «ስንቅ» ይባላል። እናቷን አስባ የጀመረችው ነው፤ አንዲት ሴት ምግብ ይዛ ወደ እስር ቤት በር ትሄዳለች፣ ዘበኛ ምግቡን ይጎረጉራል፣ ዕቃው ይገባል፣ ባዶው ይወጣል፣ ሴትየዋ ትመለሳለች፣ በማግሥቱ ደግሞ ትመጣለች። ሌላ ታሪክ የለውም። መጀመሪያ በአሸዋ ሞከረችው። ሴትየዋ ተራመደች፣ በሩ ተከፈተ፣ ምግቡ ግን ምግብ አልሆነም፤ ምንጊዜም አሸዋ ሆኖ ታያት። አሸዋ የበላ እስረኛ የለም። አንድ ቀን ተናድዳ ከማዕድ ቤቷ ነጭና ጥቁር ጤፍ አምጥታ መስታወቱ ላይ በተነች። ጤፍ ከእህል ሁሉ ደቃቃ ነው፤ ከሥሩ መብራት ሲበራበት ነጩ ወርቅ መሰለ፣ ጥቁሩ ጥላ ሆነ፣ በላባ ሲነካ ፈሰሰ። የሴትየዋ ነጠላ ተርገበገበ። ሐረገወይን ብቻዋን ዕልል አለች። ከዚያ ወዲያ አሸዋ አልነካችም።

የቀራት ድምፅ ነበር። ፊልሙ ጥቂት ዐረፍተ ነገር የሚናገር አንድ ተራኪ ብቻ ነው ያለው፤ ለዚያም ከጋሼ እንግዳወርቅ ሌላ ሰው አልታያትም። ጋሼ እንግዳወርቅ በአንድ ዘመን የራዲዮ ድራማ ተራኪ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ሰምቶ ያላደገ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ከምርጫው በኋላ ታስረው ተፈቱ፤ ተሰደዱ፤ ሂትሮው የጥበቃ ሠራተኛ ሆኑ። በዚያ ግርማ ባለው ድምፅ «ቀበቶዎን ያውልቁ» ሲሉ ከአገር ቤት የመጣ መንገደኛ ቀበቶውን ረስቶ ክው ብሎ ይቀር ነበር ይባላል። አሁን ጡረታ ወጥተው ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ በካውንስል ፍላት፣ ማለትም በመንግሥት ኪራይ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ማይክራፎን ፊት ዳግም አልቆምም ብለው ምለው ነበር። ሐረገወይን ከቅዳሴ በኋላ እየጠበቀች፣ ጃንጥላቸውን እየያዘች፣ ለምና ለምና መሐላቸውን አስፈታቻቸው።

የቀጠሮው ቀን ጋሼ እንግዳወርቅ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ለድምፅ ክራቫት ያሰረ ሰው ሐረገወይን አይታ አታውቅም፤ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው ወደ ክፍሉ ሁለት እርምጃ እንደገቡ ጫማቸው ሥር የሆነ ነገር አንሸራተታቸው። ወለሉን ተመለከቱ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን።

«ይኼ ጤፍ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ምስሉን የምሠራው በሱ ነው። ይምጡ ላሳይዎት፣ ሲበራ እንዴት እንደሚያምር...»

ሽማግሌው አልሰሟትም። ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጎንበስ አሉ። በሌባ ጣታቸው ከወለሉ ፍሬ እየለቀሙ ሳሙ፤ መሐረባቸው ውስጥ አኖሩ። ሐረገወይን ልታነሣቸው እጇን ብትዘረጋ በእጃቸው ከለከሏት። ሲነሡ ፊታቸው ደም መስሎ ነበር።

«እህል ረገጥኩ» አሉ። «ድፍን ዕድሜዬን ያላደረግሁትን ዛሬ አስረገጥሽኝ። አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

መልስ አልጠበቁም። ደረጃውን ሲወርዱ የጃንጥላቸው ጫፍ እያንዳንዷን ደረጃ ሲመታ ይሰማ ነበር። ሐረገወይን መሐል ወለል ላይ ቆማ ቀረች። እሷም እንጀራ ከእጇ ሲወድቅ አንሥታ ስማ ያደገች ልጅ ናት። ጤፉን ከበተነችበት ቀን ጀምሮ ዕቃ ነው፣ ቀለም ነው እያለች ራሷን ስታባብል ነበር፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰውንም በመጥረጊያ ጠርጋ ስትደፋ ሰንብታለች። አፈረች። ግንባሯ ድረስ ነው ያፈረችው።

ለፊልሙ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ሰው በስልክ «ተዋናይ ሞልቷል፤ ሌላ ድምፅ ፈልጊና ከበጋው በፊት ጨርሺ» አላት። አዎ ሞልቷል። ግን ሐረገወይን ፊልሙን ስትሠራ ሴትየዋን ያራመደችው ከልጅነቷ ራዲዮ በምታስታውሰው የጋሼ እንግዳወርቅ ትንፋሽ ልክ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢያነበው ፊልሙ ይሞታል። ያ ድምፅ ካልተገኘ «ስንቅ» የለም።

ለማህናዝ ስትነግራት አይዞሽ ባይ ፈልጋ ነበር። ማህናዝ ግን ሻይዋን አስቀምጣ «ሰውየው ትክክል ናቸው» አለቻት።

«አንቺም?»

«እኛ አገር መንገድ ላይ ዳቦ ወድቆ የተገኘ እንደሆነ ይነሣል፣ ይሳማል፣ እግር የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። አያቴ ብታይሽ በጥፊ ነበር የምትልሽ። ለምን ይመስልሻል ዕድሜዬን ሙሉ በአሸዋ የምሠራው? አሸዋ የማንም እራት አይደለም።»

«ታዲያ ስጀምር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስላማረ ነዋ!» አለች ማህናዝ በንዴት። «አምሮ ዝም አሰኘኝ። አሁን ምን ይደረጋል እናንተ ዘንድ? ሰው ሲበደል?»

«ሽማግሌ ይላካል።»

«ላኪያ።»

እዚህ ላይ ነበር ችግሩ። ሐረገወይን ለንደን ውስጥ የሥጋ ዘመድ የላትም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ብትልክ ደግሞ ወገናቸው ለጋሼ እንግዳወርቅ ሆኖ፣ ተግሣጹን ይዘው ወደ እሷ መመለሳቸው ነው። ማህናዝን አየቻት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሰው ያከብራታል፤ አማርኛ ስለማትችልም ነገር አታበላሽም። እስቲ አሁን እውነት ለመናገር፣ ከኢራን ሽማግሌ የመጣለት ሐበሻ ከዚያ በፊት ነበረ ወይ?

ሥርዐቱን አስጠናቻት። አንደኛ፣ እሺ እስኪሉ ድረስ ብትሞቺም አትቀመጪ። ሁለተኛ፣ ምንም ቢሉሽ መልስሽ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው። ማህናዝ ከብሪክስተን እስከ ዋይት ሲቲ ባቡር ውስጥ ስትደግመው ሰው እያያት መጣች።

በዳይ እስኪጠራ ውጭ ይቆማልና ሐረገወይን ከፍላቱ በር አጠገብ ያለው ኮሪደር ላይ ቀረች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ትሰማለች። ጋሼ እንግዳወርቅ ማህናዝን ሲያዩ ግራ ገባቸው፤ ቢሆንም እንግዳ ነችና ወንበር ሳቡላት።

«ፕሊስ፣ ሲት ዳውን።»

«ኖ። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ሽማግሌው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ሻይ አፍልተው አመጡ፤ ማህናዝ ተቀብላ ቆማ ጠጣች። ብስኩት አመጡ፤ ቆማ በላች። ባለቤት እንግዳ አቁሞ አይቀመጥምና እሳቸውም ቆሙ። አንዷ ወገቧን ይዛ፣ አንዱ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ሁለት አረጋውያን ሶፋው መሐላቸው ባዶውን ተቀምጦ ይተያዩ ጀመር። ሐረገወይን ኮሪደሩ ላይ ሳቋም እንባዋም ባንድ ላይ መጣባት።

በመጨረሻ ጋሼ እንግዳወርቅ በዚያ በሚያውቁት እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። እሳቸው ሲታሰሩ ሚስታቸው ሮማንወርቅ በየቀኑ ስንቅ ይዛላቸው ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ሲበረብር ሳህኑን መሬት ላይ ደፋው፤ ወጥቶ ባዶ ሳህን ሰጣት። እሳቸው ውስጥ ሆነው በበሩ ክፍተት የፈሰሰውን ያዩ ነበር፤ ዘበኛውም እያዩት በጫማው ረግጦት አለፈ። ሮማንወርቅ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ከሰዓት ሌላ ሠርታ ተመለሰች። እሳቸው እዚህ ከመጡ በኋላ ልትከተላቸው ወረቀቷ ተጨርሶ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ታማ ሞተች።

«እንግዲህ ያን ቀን እግሬ ሥር ያየሁት ይኸንን ነው» አሉ። «የዘበኛውን ጫማ አየሁት፤ የኔ ጫማ ነበር።»

ማህናዝ ያጠናችው ቃል እንደማይበቃ ገባት መሰለኝ፣ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች ሐረገወይን እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም። ጋሼ እንግዳወርቅ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአማርኛ ተጣሩ።

«ግቢ! ውጭ መቆምሽን አውቃለሁ፤ ጉንፋን ይዞሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳታመጪብኝ።»

ገብታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። «የረገጥኩትን እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉ። «ካሁን በኋላ ግን ከዚያ ጠረጴዛ አንዲት ፍሬ አትባክንም። ሥራሽ ሲያልቅ እህሉ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ፣ ሰው አፍ ይግባ። እህል ሆኖ የመጣ እህል ሆኖ ይሂድ። ይህን ቃል ከሰጠሽኝ ድምፄን እሰጥሻለሁ።»

«ሁሉንም ጤፍ ጋሼ?»

«ሁሉንም።»

«ቃሌ ነው» አለች። ማህናዝ ይኸኔ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ የተነፈሰችው ትንፋሽ ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም።

ብሪክስተን ያለችው ክፍል ሕግ ወጣላት። ወለሉ በነጭ አንሶላ ተሸፈነ፤ ጫማ ከበር ውጭ ሆነ፤ ማታ ማታ ከአንሶላው የተራገፈው ተነፍቶ ወደ ጣሳው ይመለሳል። ሥራው ዘገየ። ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ነጋ ጠባ ደወለ፤ ሐረገወይን አልተንቀሳቀሰችም። ጋሼ እንግዳወርቅም ክራቫታቸውን አስረው፣ ካልሲያቸውን አጥበው ተመልሰው መጡ። ብርድ ልብስ የተሰቀለበት የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ማይክራፎን ተተከለላቸው፤ ገብተው ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠዋት ነው» አለ ያ ድምፅ። «በሩ ገና አልተከፈተም። እሷ ግን መጥታለች።»

አንድ ቃል ያልገባት ማህናዝ ዐይኗን ጠረገች። ሐረገወይን ደግሞ የገባት ሁሉ ገብቷት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሰው በሥራው የሚኮራበት ቀን ቢቆጠር ይህ ቀን ከፊት ይሰለፋል።

ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ምስል ብቻ ሲቀረው፣ አንድ ትልቅ የሥነ ጥበብ ማሳያ ጉዳዩን ሰማና ሰው ላከ። የመጨረሻውን ምስል በማጣበቂያ አድርቀን፣ ከነመስታወቱ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ስምሽ ከሥሩ ይጻፋል፤ ለልጅ ልጅ ይቆያል አሏት። ሐረገወይን ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ዕድሜዋን ሁሉ የሠራችው በገዛ እጇ ሲፈርስ ነው የኖረው፤ «ቁም ነገርሽ የታለ?» ላላት ሁሉ ጎትታ ወስዳ ይኸው የምትለው አንድ ነገር አልነበራትም። አሁን ሊኖራት ነው። ፈለገችው። አምርራ ፈለገችው። ግን ማጣበቂያ የነካው ጤፍ ሰው አፍ አይገባም፤ ቃሏን ደግሞ የሰጠችው ሶፋ ትተው በቆሙ ሁለት ሰዎች ፊት ነው።

ተደብቃ አላደረገችውም። ጋሼ እንግዳወርቅን ጠራቻቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ መብራቱን አበራችላቸው። መስታወቱ ላይ ሴትየዋ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ነጠላዋን ተከናንባለች፤ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ወደሚያያት ሰው ዘርግታለች። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ሮማን ናት» አሉ።

«እናቴን አስቤ ነው የሠራኋት ጋሼ።»

«ይሁን። ሁሉም እንዲህ ነበር የሚቆሙት።»

ስለ ማሳያው ነገረቻቸው፤ ምንም አልቀነሰችም፣ ምንም አልጨመረችም። «ቃሌን አልረሳሁም» አለች። «ግን ይህቺ አንዲቷ ትቆይ ካሉ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ለዘላለም ትኖራለች። በፈለጉ ጊዜ ሄደው ያዩዋታል። እንደ ፈቀዱ ነው። ጥረጊያት ካሉኝ አሁን እጠርጋታለሁ።»

ማህናዝ ካሜራው አጠገብ ቆማ ሽማግሌውን ታያለች። የሚስቱን መልክ ሕያው አድርጎ ያገኘ ባል ምን ይላል ተብሎ ይጠበቃል? ሐረገወይንም የጠበቀችው ያንኑ ነበር።

ጋሼ እንግዳወርቅ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። «ሮማን እዚያ በር ላይ ፀሐይ የመታት ለመታየት አልነበረም» አሉ። «እንድበላ ነው። ቢያመኝም፣ ቢመረኝም፣ አንድ ቀን እንኳ የላከችውን ከነምግቡ መልሼባት አላውቅም። ዛሬ ልመልስባት?»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከነጠላዋ ጥለት ጀመሩ፤ በመዳፋቸው፣ ሕፃን እንደሚያብስ ሰው፣ እህሉን በቀስታ ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት። ማህናዝ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጣቷ ካሜራው ላይ ነበር፤ እጃቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፎቶ አነሣች። ነጠላው ሄደ፣ ትከሻው ሄደ፣ ሳህኑ ሄደ። ፊቷን መጨረሻ አስቀሩት። ሲደርሱበት ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ ሰበሰቡት። ሐረገወይን ሰፌዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ደግፋ ይዛ ትቀበላቸው ነበር፤ እያለቀሰች ነበር፣ አላፈረችም። ትልቁ ማሳያ ግድግዳ ላይ ስሟ ቢጻፍ ኖሮ እንኳ እንደዚያች ደቂቃ አትኮራም ነበር። «ስንቅ» ዛሬ በሚታይበት አገር ሁሉ የሚያልቀው በእነዚያ ፎቶዎች ነው፤ አንድ የሽማግሌ እጅ አንዲትን ሴት ሰብስቦ ሲያነሣት።

ጤፉ ታጥቦ፣ አንሶላ ላይ ተሰጥቶ ማሞቂያው አጠገብ ደረቀ፤ ዓይናዲስ የምትባል እንጀራ ለሱቅ የምታቀርብ የብሪክስተን ሴት አስፈጭታ ጋገረችው። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያው ሰፈር ባለ አዳራሽ ነው፤ ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ወጡ ምስርና ሽሮ ሆነ። ፊልሙ አለቀ፤ መብራቱ በራ። ከዚያ ለቅሶ ቤት እጇን ይዘው ይመክሯት ከነበሩት እናቶች አንዷ ተነሥተው ሊንበረከኩ ሐረገወይን ፊት ዝቅ አሉ፤ እሷ ደንግጣ አነሣቻቸው፤ ጭብጨባው ያኔ ፈነዳ። እንጀራው እየተቆረሰ ለሁሉም ተዳረሰ። ጋሼ እንግዳወርቅ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማህናዝ፣ ሁለተኛውን ለሐረገወይን አጎረሱ፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ጎረሱና ዐይናቸውን ጨፍነው አላመጡ።

በዚህ መሐል ከአንድ ፌስቲቫል የመጣ ሰው ወደ ሐረገወይን ጠጋ አለ። ፊልሙን እንደሚመርጡት ነገራት፤ ከፊልሙ ጋር ለሕዝብ የሚያሳዩት ዋናውን ሥራ፣ ምስሎቹ የተሠሩበትን ነገር ማየት እንደሚፈልግም ነገራት። የት ነው የተቀመጠው?

ሐረገወይን አፏ ሙሉ ነበር። አላምጣ፣ ውጣ፣ ጣቷን በናፕኪን ጠረገች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አዳራሹን ሙሉ በእጇ አሳየችው።

«በላነው» አለችው።